ጥፋቱ የቼሪው አልነበረም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ይህን ብርድ ቻለው? እህቴ ሩሚያናስ ደህና ናት? ላማችን ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀችሽ ነው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁም፤ ደህና ነኝ እንድልሽ ግን ደብዳቤው እስኪያልቅ ታገሺኝ። ስልክ ብደውል ድምፄ ያጋልጠኛል፤ ገና «እማ» ስል ታውቂብኛለሽ። ስለዚህ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ቶንቾ ከሰዓት ሲመለስ ያደርስልኛል።

ቅዳሜ አሰልጣኛችን ባይ ራንጌል ደውሎ የተናገረሽን ሰምቻለሁ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። «የላክሽው ኮምፖት ተበላሽቶ ዤላዝኮን ሊገድልብኝ ነው!» ብሎ ሲጮህብሽ አጎንብሼ የጫማዬን ክር አሰርኩ። በማግስቱ ሩሚያና ጻፈችልኝ፤ ምድር ቤት ወርደሽ ቼሪ በስኳር ውሃ ቀቅለሽ የሞላሽውን አርባ ሁለቱንም ጠርሙስ አውጥተሽ እንደደፋሽ፣ ቼሪውን ዶሮዎቹ እንዳይነኩት አፈር እንዳለበስሽው። እማ፣ የደፋሽው ምንም ያላጠፋ ነገር ነው።

ሰባ አራት ኪሎ ላይ ለመታገል በአራት ቀን አምስት ኪሎ አወረድኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ጠብታ ውሃ አልቀመስኩም፤ ላስቲክ ለብሼ ስሮጥ፣ ምራቄን ሳይቀር ስተፋ ዋልኩ። የትግል ጓዴ ዤላዝኮም እንደዚያው። ባለፈው ፋሲካ ቤታችን መጥቶ አንድ ድስት ባቄላ ብቻውን የጨረሰው ነው፣ አልረሳሽውም። ከሚዛን ስንወርድ ልማዳችንን ታውቂያለሽ፤ ከቤት የመጣው ጠርሙስ መሃል ይቀመጣል፣ ብዙ ኪሎ የጣለው ቀድሞ ይጠጣል፣ ከዚያ በዙር ነው። ባይ ራንጌል የኃይል መጠጥ ጣሳ ካገኘ ጣሳውንም ባለቤቱንም በመስኮት ሊወረውር ይደርሳል። «እኔ በቀጠነ እርጎ፣ በአይራንና በኮመጠጠ ጎመን ውሃ ነው ጀርባዬን መሬት ያላስነካሁት! እናንተ ልባችሁን እንደ ፈረስ ታስጋልባላችሁ» ይለናል። እኛ ከኋላው እንስቃለን።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ባለፈው ውድድር ሁለተኛው ዙር ላይ ክንዴ ዝሎ ነው የተሸነፍኩት። የሌሎቹ ቡድን ልጆች ጣሳቸውን ጨልጠው ሲዘሉ ሳይ ያንቺ ቼሪ የአሮጊት መድኃኒት መሰለኝ። ይቅር በይኝ። ቅዳሜ ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገባሁና ፍሬዎቹን ከታች አስቀርቼ ጭማቂውን ደፋሁት፤ በምትኩ ሦስት ጣሳ ቀይ የኃይል መጠጥ ሞላሁበት። አረፋው እስኪጠፋ በማንኪያ አማሰልኩት። ሐሳቤ ተደብቄ ብቻዬን ልጠጣው ነበር።

ከሚዛን ስወርድ ዤላዝኮ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቶ ይዞታል። ስድስት ኪሎ የጣለው እሱ ነዋ፤ ቀዳሚነቱ የእሱ ነው። «ተው!» ማለት ነበረብኝ። ባይ ራንጌል በሩ ላይ ቆሞ ያየን ስለነበር አላልኩም። ዤላዝኮ ከግማሽ በላይ ጨለጠና «ዛሬስ እናትህ ስኳሩን ለቀቀችው! ልጅ ልታደርገኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የተረፈውን እኔ ጠጣሁት። ሌላ ሰው እንዳይጠጣው ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ እላለሁ።

ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቆረ። ደረቱን ሲጫኑት የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባይ ራንጌል ጠርሙሱን አሽትቶ «ይሄ ነገር ሸቷል፣ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሐኪሞቹም ምን እንደጠጣ ሲጠይቁኝ «የእናቴን ኮምፖት» አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የሌለ መርዝ ሲፈልጉ፣ እኔ ከቡድኑ እንዳልባረር ብዬ አፌን ዘጋሁ። ቢሞትስ እያልኩ፣ እንዲያውም ሳልናገር ቢሞትስ እያልኩ፣ ግን ዘጋሁ። ያንቺ ጠርሙሶች መደፋታቸውን ስሰማ ነው ያልቻልኩት።

ዛሬ ጠዋት ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐኪሟ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ዤላዝኮ ዓይኑን ገልጧል፤ አሁን የያዘውን ስላወቁ ይድናል ብለዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሄጄ እጁን ስይዘው በደከመ ድምፅ «አንተ ውሻ፣ እኔ እኮ እናትህን ላመሰግን ነበር» አለኝ። ባይ ራንጌል አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እሁድ እናትህ ደጅ ሄጄ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፤ የምነግራትንም ቆመህ ትሰማለህ» አለኝ። ሲመጣ አታሳፍሪው፣ አባት ሆኖኛል።

ከዚያ ሐኪሟ «አንተስ ጠጥተሃል?» ብላ ሸሚዜን አስከፈተችኝ። አዳመጠችኝ። እንደገና ልቤን አዳመጠችኝ፤ ከዚያ ሌላ ሽማግሌ ሐኪም ጠርታ እሱም አዳመጠኝ። «አባትህ አለ?» አለችኝ። ሣር ሲያጭድ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ እንደወደቀ ነገርኳት። «እንዲህ ያለ የልብ ሕመም ይወረሳል» ብላ ወንድም ወይም እህት እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሩሚያናና ስለ ጁዶዋ ስነግራት የከተማውን የልብ ሐኪም ስም በወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ። ነገ ውሰጃት፣ ለሳምንት አታሳድሪ። እስኪያዩአት ድረስ ልምምድ እንዳትሄድ፣ ብታለቅስም እንዳትሰሚያት። ፈርቻለሁ እማ።

የትግል ጫማዬን ለቶንቾ ሰጥቼዋለሁ፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ። ዛፉ ዘንድሮም ያፈራልና ቼሪውን አብረን እንለቅማለን። ቅርጫቱን ግን እኔ አልሸከምም፤ አትቆጪኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱን ብዬ ልጨርስ። አባታችሁን ላቡን እንዳፈሰሰ የምንጭ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ በእጄ ገደልኩት እያልሽ አሥራ አንድ ዓመት ስታለቅሺ አይቻለሁ። ዛሬ ሐኪሟን ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። ውሃው አልነበረም እማ።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ሩሚያናን ያሳድግልሽ፣ ደጃችንን ሰው አያሳጣው። ስሜን እየጠሩ ነው፣ ልግባ።

ልጅሽ