ጉልበት የማይደርስ ውኃ

ጥቅምት 23 ቀን 1961 ዓ.ም.
ጠዋት ቆጠርሁ። የቃጫ ገመድ፣ አርባ ጥቅል። በቅሎ፣ ሦስት። ሦስቱም በረት ቆመዋል... ተከራይ የለም።
አምና በዚህ ጊዜ ከቡሬ መጥቶ በፈጠም ወንዝ ዳር ቁልቁል የሚወርድ እንግዳ ሁሉ በእኔ በቅሎ ነበር የሚሄደው። ዘንድሮ በሞተር ጀልባ ይንሸራሸራል። ጀልባውን ያመጣው ፈረንጅ እንድነዳለት መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነበር። «ውኃው እኮ ጉልበት አይደርስም፤ ለእንቁራሪት ነው?» ብዬ ሳቅሁበት። ለካ ጀልባው ከሥሩ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ውኃውን በሆዱ ምጎ በኋላው ይተፋል፤ በዚያ ኃይል ይበራል። ጨው ነጋዴው ጠሃ አልሳቀም። እሺ አለ። ይኸው ነጂ ሆነ።

ጥቅምት 27
ጠሃ ብርቱካን የመሰለ ሰደርያ ለብሶ በገበያው መካከል አለፈ። ቢወድቅ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ነው አሉ። ገበያ መካከል ምን ሊሰምጥ? «ካፒቴን! ካፒቴን!» ይለዋል ሰዉ።
እራት ላይ ባለቤቴ እናኑ፣ «ጠሃ ልጅ እግር መሰለ» አለች። እንጀራዬን ቆረስሁ።
«አንድ ቀን ብሳፈርስ?»
«በጠሃ ጀልባ?»
«የፈረንጁ ነው እንጂ የጠሃ ነው እንዴ? አንቱ ደግሞ!»
በቅሎዬን አንድ ቀን እንኳ ልቀመጥባት ብላ አታውቅም።

ኅዳር 4
ቃጫ የሚያቀርብልኝ ገበሬ፣ ዳኘው፣ መጣ። ቃጫው እስኪላላ የሚዘፈዝፍበት ጉድጓድ ደርቆበታል።
«ጌታው፣ ላይኛው መታጠፊያ ውኃው ጥሩ ተኝቷል። እዚያ ብዘፈዝፈውስ?»
ላይኛው መታጠፊያ... ጀልባው የሚዞርበት። ውኃ የሚምግ ሆድ ቃጫም ይምጋል። ወዲያው ገባኝ።
«አንተ ታውቃለህ» አልሁት።
ክፉ ቃል አይደለም። ነው እንዴ?

ኅዳር 9
እስካሁን ምንም የለም። ቃጫው ገና አልላላም ይሆናል። ከፍኖተ ሰላም የመጡ እንግዶች በጀልባው ሲንሸራሸሩ ዋሉ። በቅሎዎቼ ድርቆሽ ይበላሉ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናኑን አጣኋት። «ከዘመዶቿ ጋር ጀልባ ልትሳፈር ወርዳለች» አሉኝ።
በቅሎ መጫን እንኳ ትዝ አላለኝም። በዓመት በዓል ልብሴ ሮጥሁ። ስደርስ ጀልባው ወደ መታጠፊያው ይበራል። እናኑ ነጠላዋን ጨብጣ ትስቃለች። እኔ ዘንድ እንዲህ ስቃ ታውቃለች? «ተመለሱ!» ብዬ ጮኽሁ። ድምፄን ሞተሩ ዋጠው።
ከዚያ ሞተሩ አጓራ፤ ጀልባው ግን ቀጥ አለ። ሴቶቹ «ሚካኤል ድረስ!» አሉ። ጠሃ ዘሎ ገባ።
ውኃው ጉልበቱ አልደረሰም።
ሴቶቹን ተራ በተራ አዝሎ አወጣቸው። እናኑን መጨረሻ። ባለቤቴን... በጀርባው... በሰው ሁሉ ፊት። አንገቱን በሁለት እጇ ይዛ።
ወርዳ አየችኝ። «መጡ? በቅሎ ይዘዋል?»
ባዶ እጄን ነበርሁ። ያቺ «አንተ ታውቃለህ» ያመጣችልኝ ይህን ነው።

ኅዳር 13
ጠሃ ቤቴ ድረስ መጣ። በእጁ የጀልባውን ሆድ ያነቀው ቃጫ።
«ይርሳው ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለ። «ቃጫህን ጀልባው አበላሸብህ። የት እንደሚዘፈዘፍ መጠየቅ ነበረብኝ።»
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
«እዚያ እንዳለ ዐውቅ ነበር» አልሁት።
ቃጫውን መሬት ላይ አኖረው። «ሚስትህ እንደምትሳፈርስ?»
«እሱን አላወቅሁም።»
ሳቀ። ግድግዳ ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ እሷም ቀላል አይደለችም፤ ወገቤን!»
ብድግ አልሁ። እናኑ ከጓዳ «ተቀመጡ!» አለች። ሳቅ ይዟት።
ጀልባው እዚያው ደለል ላይ ተቀምጧል፤ ፈረንጁ ያጉረመርማል። ሊጎትቱት የሚችሉት የእኔ በቅሎዎች ናቸው። ውኃውም እየጎደለ ነው። «እንግዶቹ በጀልባ ይውረዱ፣ በበቅሎ ይመለሱ» አለ ጠሃ። ይህ ሐሳብ መጀመሪያ ለኔ መታየት ነበረበት። እሱም ያቃጥላል።
እሺ አልሁ። ስንብት ላይ ያን ሰደርያ በሩ ላይ ረስቶት ሄደ። እናኑ አንሥታ ሰቀለችው... አሁን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል።
ነገ፦ በማለዳ ሦስቱን በቅሎና ወፍራሙን ገመድ ይዞ ወንዝ መውረድ። ቃጫውን ከመታጠፊያው እንዲያወጣ ለዳኘው መንገር። ሰደርያውን ለጠሃ መመለስ። ለእናኑ ኮርቻ መጫን፤ እኔም እመጣለሁ ብላለች።