ድንጋይ አሸክመው ደጃፋችን ላቆሙልን ሽማግሌዎች

ለተከበራችሁ የእድራችን የሽምግልና ኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ለሰብሳቢው ለጋሼ እንግዳ
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁን እጠይቃለሁ። የደም ግፊታችሁ ልክ፣ ስኳራችሁ ዝቅ ያለ፣ እንቅልፋችሁም ሙሉ ይሁንላችሁ። እንቅልፍን ለይቼ ማንሳቴ፣ ሰሞኑን እኛ ዘንድ የሚተኛ ሰው ስለጠፋ ቢያንስ እናንተ ዘንድ ይገኝ ብዬ ነው።

እኔ ሲቲና ነኝ፤ ከእድሩ አዳራሽ ጎን ባለው ሱቅ ቅመም የምሸጥላችሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ በአዳራሹ ይደረግ የነበረውን የሴቶች ውይይት ከሚስ ሎሬይን ጋር የጀመርኩትም እኔው ነኝ። ሚስ ሎሬይን ከፌርፋክስ ጀርባ ተወልዳ ያደገች፣ ጡረታ የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት አስተማሪ ናት። ውይይቱን ዘግታችሁብናልና፣ እስከዚያ ድረስ የዋላችሁልንን ውለታ በተራ ቁጥር ላመስግን።

1. ማንነታችንን ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። «የጥቁር ሴቶች ግልጽ ውይይት» ብለን መስታወቱ ላይ የለጠፍነውን ማስታወቂያ ጋሼ እንግዳ በገዛ እጃቸው ልጠው፣ «ሲቲናዬ፣ ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እኛ ሐበሻ ነን» አሉኝ። ምጥ ይዞኝ ስጮኽ «አታጋኚ» ብላ በሩን ዘግታብኝ የሄደችው ነርስ ይህን ትምህርት አለማግኘቷ ያሳዝናል፤ ሐበሻ መሆኔን ሳታጣራ ነው የዘጋችብኝ። ይህንኑ በውይይቱ ላይ ሳወራ፣ ሚስ ሎሬይን የእህቷን ነገረችን። በእህቷም ላይ ምጥ ይዟት ሳለ በሩ ተዘግቶባት ነበር። ሲከፈት ግን ሞታ ተገኘች። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ወንበር አልበቃን አለ፤ የእነሱና የእኛ ሴቶች ተጠጋግተው መቀመጥ ጀመሩ።

2. የማዕዶትን መልካም አስተዳደግ ስለፈተናችሁልን አመሰግናለሁ። ማዕዶት ጥግ ላይ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ስትሰማ ከከረመች በኋላ፣ ባሏ ግሩም ሲናደድ አንገቷን እንደሚያንቃት ተናገረች። ስሙ እንዳይጠፋ ብላም «ግን ወዲያው ይቅርታ ይለኛል» ስትል ጨመረች። ሚስ ሎሬይን «አንገትሽን?» ብላ ጠየቀቻት። «አዎ» አለች። ሚስ ሎሬይን ቦርሳዋን አነሳችና ይዛት ወደ ራሷ ቤት ሄደች። እናንተ ደግሞ በሳምንቱ ለማዕዶት ደውላችሁ የት እንዳረፈች ጠየቃችኋት። ሽማግሌ ሲጠይቅ መደበቅ ነውር ነው ብላ፣ መንገዱንም የቤት ቁጥሩንም ነገረቻችሁ።

3. ስለ ድንጋዩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከነጋቢያችሁ ሚስ ሎሬይን ደጅ ቆማችኋል፤ ከፊታችሁ ግሩም ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ አንገቱን ደፍቷል። በአገራችን በዳይ እንዲህ አድርጎ ይቅርታ እንደሚለምን አውቃለሁ፤ ወሎ ሳለሁ አይቻለሁ። ያላየሁት፣ ድንጋዩ ከጎረቤት አበባ መካከል ተነቅሎ ሲመጣ፣ የአበባው ባለቤትም ከኋላ ቆሞ «ድንጋዬን!» እያለ ሲጮኽ ነው። ሚስ ሎሬይን በመስኮት አይታ፣ «ያ ሰውዬ ድንጋይ ይዞ ቤቴ በር ላይ ምን ይሠራል?» አለች። ልጠይቃቸው መጥቼ ውስጥ ነበርኩና ስለ ልማዱ አስረዳኋት። «የኔ ማር፣ እኔ ባደግኩበት ሰፈር ድንጋይ ይዞ የመጣ ወንድ ይቅርታ ፈልጎ አያውቅም» አለችኝና በሩን በሁለተኛው ቁልፍ ደገመችው። ማዕዶት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ጋሼ እንግዳ ከውጭ ሆነው፣ «ልጄ፣ ከብዶታል እኮ! እስከ መቼ ታስሸክሚዋለሽ?» ሲሉ ተሰማ። ለተሸካሚው ስላዘኑ አላህ ይስጣቸው። ሲያንቃት እሱ ማን ላይ ከብዶ እንደነበረ ግን አልጠየቁም።

ማዕዶት አልከፈተችም። እናንተ ሄዳችሁ፤ ግሩምም ድንጋዩን ደረጃው ላይ አውርዶ ተከተላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩ በሩን ተደግፎ ተገኘ። ከዚያ በማዕዶት መኪና ኮፈን ላይ። ከዚያ በምትተኛበት ክፍል መስኮት ሥር። የግሩም መኪና በየቀኑ ከመንገዱ ማዶ ፓርክ ተደርጎ ይውላል፤ እሱም መሪውን ይዞ ወደ ሚስ ሎሬይን ቤት ያያል። ደርሶ አይናገርም፣ አይሰድብም።

4. ፖሊስን ስላረጋጋችሁልን። ሚስ ሎሬይን ጠርታው የመጣው ፖሊስ ድንጋዩን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ጠየቀን። ሳንመልስ፣ ከመኪናው የወረደው ግሩም ስልኩን አቀበለው። በስልኩ ላይ የነበሩት ጋሼ እንግዳ ናቸው። «ባህላችን ነው፣ የሰላም ምልክት ነው» አሉት። ፖሊሱም ባህል አክባሪ ሰው ሆኖ ተገኘና መልካም ቀን ተመኝቶልን ሄደ። ግሩም ድንጋዩን እንዳሻው ለማንቀሳቀስ ይፋ ፈቃድ ያገኘው በዚያ ቀን ነው።

5. አዳራሹን ስለዘጋችሁት። «አዳራሹ ለልቅሶ ነው እንጂ ለወሬ አይደለም» የሚለው ውሳኔያችሁ ደርሶናል። እድራችን ለሞተ ሰው ዘግይቶ እንደማያውቅ እመሰክራለሁ፤ ወንበሩ ይደረደራል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ አስከሬን ወደ አገር ይላካል። ማዕዶት መዋጮዋን ያላቋረጠች አባል ስለሆነች፣ በሳጥን ብትመጣ አዳራሹ ያለ ጥያቄ ይከፈትላታል። በእግሯ መጥታ ስለ አንገቷ ለማውራት ግን ደንቡ አይፈቅድላትም። ደንቡን ያረቀቃችሁ እናንተ ናችሁና፣ አንድ ሴት ከሞተች በኋላ ከምታገኘው ክብር ላይ ጥቂቱን በቁሟ ብናበድራት ምን ይጎድልብናል?

በመጨረሻም «ወደ ቤትሽ ተመለሺ፣ ለግሩም እኛ ዋስ ነን» ብላችሁ ስላስተላለፋችሁት መልእክት አመሰግናለሁ። ማዕዶት ግን ግሩም እንዳይጠጋት ትእዛዝ እንዲሰጥላት ለፍርድ ቤት አመልክታለች። ጠበቃዋ ለሰውየው ጠባይ የሚመሰክር አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ የሁላችሁንም ስም ሰጥተናታል። በአገራችን ዋስ የሚጠየቀው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እዚህ ቀድሞ ይጠየቃል። ስትጠሩ ለፖሊሱ የተናገራችሁትን ለዳኛዋ ትደግሙላቸዋላችሁ ብዬ አምናለሁ። ውይይታችን ደግሞ ቀጥሏል፤ ቦታውን ግን ለእናንተ ማሳወቅ አቁመናል።

ለሰላም ካላችሁ ጉጉት ፊት ጎንበስ ብዬ፣ ለእጃችሁ ርዝመት እየሰገድኩ፣ ከቅመሙም ሆነ ከጎረቤትነቱ የማልለያችሁ፣

ሲቲና

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ሚስ ሎሬይን ደወለች። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የግሩም መኪና ከመንገዱ ማዶ የለም። በየመንገዱ ፈለግነው፤ ሥራ ቦታውም አልገባም። ዋስ የሰውየውን መዋያ ያውቃልና፣ እባካችሁ የት እንዳለ አሁኑኑ ንገሩን። ማዕዶት የት እንዳለች ግን አትጠይቁን።