ቅርሱን ከብስክሌቴ ላዳኑት ኃላፊ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2001 ዓ.ም.። ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ፀሐይ ወጥታም ሣሩን አልለቀቀም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋሱ ከገደሉ በኩል ይመጣል። በትክል ድንጋዩ አጠገብ የተገኙት ክቡርነትዎ፣ ሚሊሻው ይታየው፣ አስጎብኚው ስንታየሁ፣ በብስክሌት የመጡ የውጭ አገር እንግዶች፣ እኔና ብስክሌቴ ነን። አዛለች አልተገኘችም፤ እሷ በዚያ ሰዓት በቃሬዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ነበር።

ለክቡር የቅርስና የእንግዶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የተወሰደብኝ ብስክሌት እንዲመለስልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የጽሕፈት ቤቱ መኪና፣ በተለይም ጉልበትዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ የጠየቅኩት፣ ደህና ጉልበት ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በአካባቢያችን ስለማይገኝ ነው። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እስከ ደጄ ድረስ።

ደብዳቤዬን በግልጽ ያደረግኩት ቅዳሜ ዕለት የሆነው ነገር በሰው ሁሉ ፊት ስለሆነ ነው። አጻጻፌ የቢሮ ወግ ቢጎድለው፣ ማንበብ የተማርኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልባቸው የጋዜጣ ቁራጮች ነውና፣ ወጉ ያለበት ገጽ ሳይደርሰኝ እንደቀረ ይቁጠሩልኝ።

ስሜን መጠየቅ ስላላስፈለገዎት ራሴ ልንገርዎ። አረጋሽ ወልደ አማኑኤል እባላለሁ፤ የበግ ጠጉር ፈትዬ ባና ለሚሠሩ ሸማኔዎች አቀርባለሁ። ቀኝ ጉልበቴ ከታመመ በኋላ ቁልቁለት አልወርድ ብሎኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያውም ቅዳሴውም ለቅሶውም ቤቴ ድረስ በወሬ ሲመጣልኝ ከረመ። ከዚያ መሐል ሜዳ ከተማ ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ዝውውር ደርሶት ሲሄድ፣ ጎማው ወፍራም የሆነውን የተራራ ብስክሌቱን በበጎች ለወጥኩት። የሚገርመው፣ መሬት ስረግጥ የሚጮኸው ጉልበቴ ፔዳል ስረግጥ ዝም ይላል።

መንዳት ያስተማረችኝ ጎረቤቴ አዛለች ናት። እሷ ራሷ ከበቅሎ በቀር ምንም ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ነገር ግን ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች፣ በወደቅኩ ቁጥር እየሳቀች፣ «አንቺ ፔዳሉን እርገጪ፤ መሬቱን ምን ታይዋለሽ፣ የትም አይሄድብሽ» ትለኝ ነበር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሥራ ፈትቶ አየን።

ከዚያ ወዲህ በገደሉ አፋፍ የሚሄደው፣ በአጭሩ ሣር መካከል ነጭ አፈሩ እንደ መቀነት የሚታየው መንገድ የእኔም መንገድ ሆነ። ከቤቴ ተነስቶ በትክል ድንጋዩ አጠገብ፣ ቀጥሎም በድሮው ቤተ መንግሥት ፍራሽ ሥር አልፎ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያደርሳል። የታችኛው መንገድ ቋጥኝ ስለሆነ ብስክሌትም አይሄድበትም፣ የእኔም ጉልበት አይችለውም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስደርስ፣ በቅሎ የተቀመጠ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ወርጄ መሬት እስማለሁ። በእኔ ጎማ የተነቃነቀ ድንጋይ ካለ ይጠቁሙኝና ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። እንዳይምታታብዎት በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። በጥቅምት ወር በጠሩት ስብሰባ፣ በተራራ ብስክሌት የሚጓዙ እንግዶች እንደሚመጡና መንገዱም ለእነሱ እንደሚዘጋጅ ስላበሠሩን አመሰግናለሁ። ብስክሌት መንዳት ልማት መሆኑን ከዚያ በፊት አናውቅም ነበር፤ እኔ ስነዳ ዕብደት ነበር የሚባለው። በዚያው ስብሰባ የአካባቢው ሰው በመንገዱ ላይ ብስክሌት እንዳይነዳ አዘዙ። አዛለች እጇን አውጥታ ምክንያቱን ስትጠይቅዎት፣ እንግዶቹ የሚመጡት ጥንታዊነትን ለማየት ስለሆነ ነጠላ የለበሰች ሴት ብስክሌት ላይ ካዩ ዕይታው እንደሚበላሽ፣ በቅሎ ላይ ብትሆን ግን መልካም እንደሆነ አስረዱን። አዛለችም በቅሎዋን ጽሕፈት ቤቱ ይገዛላት እንደሆነ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎ ግን ሳይስቁ ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ይያዝ አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጥንታዊ አይደለሁም። እንዲቆም የተተከለው ድንጋዩ ነው። እኔ ጉዳይ አለኝ፣ እሄዳለሁ።

ሁለተኛ። አዛለች ዓርብ፣ በሚካኤል ማታ አረፈች። ቅዳሜ ጠዋት የቀብሩ ጥሩንባ ሲነፋ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። ትክል ድንጋዩ ዘንድ ስደርስ መንገዱ ባለ ቀለም ጨርቅ በተንጠለጠለበት ገመድ ታጥሮ፣ እርስዎም ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ቆመው አገኘሁዎት። ቀብር እየሄድኩ እንደሆነ፣ የሟቿን ስም፣ የጉልበቴንም ነገር በትሕትና አስረዳሁ። እንግዶቹ በፍራሹ በኩል እየመጡ ስለሆነ ማንም እንደማያልፍ ነገሩኝ። እንግዲያው ዳር ዳሩን ይዤ ልለፍ ብዬ ለመንኩ። ያን ጊዜ የመለሱልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ፤ «አንቺ ባትደርሺም ሟቿ አትቀየምሽም።»

እውነትዎን ነው፣ አልተቀየመችኝም። የተቀየምኩት እኔ ነኝ፤ የተቀየምኩትም እርስዎን ነው። ልጄ ሊሆኑ በሚችሉበት ዕድሜ አንቺ ስላሉኝ ግን ቅር አላለኝም። እንደሚያዩት እኔ በደብዳቤዬ ሁሉ እርስዎ እያልኩ ነው፤ እናቴ ያስተማረችኝን ወግ በእርስዎ ምክንያት የምተውበት ምንም ነገር አይታየኝም።

ሦስተኛ። ይታየው ብስክሌቴን ከእጄ ወስዶ መኪናዎ ላይ እንዲጭን አዘዙ። ይታየው የአዛለች የክርስትና ልጅ ነው፤ ገመድ እንዲጠብቅ ባይታዘዝ እሱም ቃሬዛውን ከሚሸከሙት አንዱ ነበር። ስለዚህ ብስክሌቱን ሲወስድ ዓይኔን አላየኝም፣ እኔም አልወቀስኩትም። በዚህ መካከል እንግዶቹ ደረሱ። አንዲቱ ወርዳ መኪናው ላይ የሚጫነውን ብስክሌት በጣቷ እያሳየች ስንታየሁን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም ለእርስዎ ነገረዎት፣ መልስዎንም ተርጉሞ ሰጣት። ወዲያው ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አጨበጨቡልኝ። ፎቶም አነሱኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ስንታየሁ ለቅሶው ቤት መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲነግረኝ ነው። ለካስ ብስክሌቴን ለጽሕፈት ቤቱ በስጦታ እያበረከትኩ ነው ብለዋቸው ኖሯል።

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። የመጀመሪያውን ጭብጨባ ጓደኛዬ አፈር በምትለብስበት ሰዓት ስላስገኙልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንግዶቹንም አደራ አይውቀሱብኝ፤ የተነገራቸውን አምነው ነው፣ አነዳዳቸውም ጥሩ ነበር።

ከዚያ በታችኛው መንገድ፣ በቋጥኙ ላይ፣ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ መቃብሩ ተደፍኖ ሰው እየተመለሰ ነበር። ቄስ መርስዔ ኃዘን መጽሐፋቸውን በማኅደሩ ከትተው ሊወጡ ሲሉ ከሩቅ ሳነክስ አዩኝ፤ የት ቆየሽ ሳይሉኝ ተመልሰው ከመቃብሩ ራስጌ ቆሙና ለእኔ ብቻ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ያን ዕለት ያበጠው ጉልበቴ ስላልጎደለልኝ ዛሬ ሠልስቷም ላይ አልተገኘሁም።

አራተኛ። ዛሬ የእህቴ ልጅ እየሩስ ስለ ብስክሌቱ ልትጠይቅ ቢሮዎ መጥታ ነበር። በቅርሱ መንገድ ዳግመኛ እንዳልነዳ ከፈረምኩ እንደሚመለስልኝ ነግረው ወረቀቱን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አነበብኩት። የጠራ አጻጻፍ ነው፣ ማኅተሙም በደንብ ይታያል። ጀርባው ባዶ ስለነበረ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በእሱ ላይ ነው። ነገር ግን ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የማልነዳው ብስክሌት እኔ ቤት ቢቆም እርስዎ ቢሮ ቢቆም ለእኔ አንድ ነው። ወንድሜ ኃይለ ኢየሱስ «ፈርሚላቸውና እነሱ በሌሉበት ንጂ» ብሎ መክሮኛል። ለእኔ አስቦ ነው። ሆኖም ለቅሶ በምሄድበት መንገድ እንደ ሌባ ዙሪያዬን እያየሁ መሄድ አልችልበትም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልማረውም።

አምስተኛ። አልፈርምም።

ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ገመድ የሌለበት እንዲሆንልዎ፣ የሚወዱት ሰው ሲያርፍም ከቀብሩ በሰዓቱ እንዲደርሱ እመኛለሁ።

ለሥልጣንዎ ከሚገባው አክብሮት ሳላጎድል፣
ብስክሌቷን ለማንም ያላበረከተችው
አረጋሽ ወልደ አማኑኤል
ኅዳር 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለሰበካ ጉባኤው
ለወፍጮ ቤቱ ግድግዳ
ለአስጎብኚው ስንታየሁ፣ እንግዶቹ ሲመለሱ በትክክል እንዲተረጉምላቸው

ተጨማሪ፦ ደብዳቤው ሳይደርስዎ ማክሰኞ ነጋ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ቢያውቁት ይሻላል። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ገብስ ጭኖ ወደ ከተማ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፍሬ ቢሮዎ ደረስኩ። ብስክሌቴ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ተደግፎ ነበር። ዘበኛው አቶ ፈንታ ወረቀቱን ፈርሜ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እንዳልፈረምኩ ነገርኳቸው። ብስክሌቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ «እኔ የምጠብቀው ቢሮውን ነው» አሉና ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሄዱ። የኋላ ጎማው ጎድሎ ስለነበረ እዚያው ደጃፍዎ ላይ ነፋሁት። ከዚያ በአፋፉ መንገድ ነዳሁ። ገመድዎ እንደታሰረ ነበር፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ሳልቆርጥ ፈታሁት፣ ጠቅልዬም ድንጋዩ ሥር አስቀመጥኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወረድኩ፤ መሬት ሳምኩ፤ ብስክሌቴን ከአጥሩ ውጭ አቁሜ ገባሁ። ከአዛለች መቃብር ላይ አንድ እፍኝ አፈር አንስቼ መልሼ አለበስኳት። ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ በዚያው መንገድ። ከትክል ድንጋዩ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልያዝኩም። «ጉዳዩ» በሚለው ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ተሰርዟል።