ሰባት ዓመት በክርስትና ስም

ሰኞ

ዛሬም መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተጣላሁ። የሒሳብ መምህሩ ደሳለኝ የደመወዝ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ለጡረታ ሰባት በመቶ! ስድሳ ዓመት እንደምኖር ማን ነገራቸው?» ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእሱ ብሼ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሳስተምር ሳላጉረመርም የፈረምኩበት ወር የለም። ዛሬ ግን «ዝም በል!» አልኩት። ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ።

ነገሩ የአባዬ ነው። ወላጆቼ በሚኖሩባት አርብ ገበያ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ጥበቃ ሆነው አሥራ ስድስት ዓመት ሠርተው ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። በየወሩ ሲቆረጥባቸው ኖሯል። ፋይሉ ሲታይ ግን የተገኘው የዘጠኝ ዓመት አገልግሎት ብቻ ነው። አሥር ካልሞላ ደግሞ ወርኃዊ አበል የለም፤ አንዴ ትንሽ ነገር ሰጥተው ያሰናብቷቸዋል። ሰባቱ ዓመት የት ገባ?

ማክሰኞ

በእረፍት ሰዓት አርብ ገበያ ደወልኩ። የፋይል ሠራተኛዋ ደግ ናት፤ ፈልጋ አገኘችው።

«ሰባቱ ዓመት አለ፤ ግን በሌላ ጥበቃ ስም ነው። የሚገርመው፣ አባትሽ ሥራ የጀመሩ ዕለት ያ ሰውዬ ጠፋ።»

«ማን ይባላል?»

«የሌላ ሰው ፋይል በስልክ አልናገርም። እሳቸውን ጠይቂ።»

ማታ ለአባዬ ደውዬ ጠየቅኳቸው።  «እኔው ነኝ» አሉ። «የክርስትና ስሜ ነው።»

ሲቀጠሩ ቅጽ ሞልተው በታማኝነት ሊያገለግሉ መማል ነበረባቸው። መሐላ ከሆነ በእግዚአብሔር ፊት የምጠራበትን ልስጥ ብለው ነው። ስሙ ሰባት ዓመት ወረቀት ላይ ብቻ ኖረ፤ ኋላ አንድ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በዚያ ስም ግቢ ውስጥ እየጮኸ ሲጠራቸው ፈሩ። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ ድግምት ይደገምበታል ይላሉ። ለምነው አስቀየሩ። የቀየረላቸው ሰው ግን ሁለቱን ፋይል አላገናኘም፤ አዲስ ከፈተ።

ስሙን እኔም አላውቀውም። ልጃቸው ሆኜ! ብጠይቃቸው «ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

ረቡዕ

እዚሁ እኔ የማስተምርበት ንፋስ መውጫ የጡረታ ጉዳይ የምትሠራ ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት አለች። ሄድኩባት። መጀመሪያ ንዴቴን አፈሰስኩባት፤ የራሴን ደመወዝም ጨምሬ።

«የዛሬ ጡረተኛ የሚበላው ዛሬ ከምትሠሩት ከተቆረጠው ነው» አለችኝ። «አንቺ ስታረጂ ደግሞ የዛሬ ተማሪዎችሽ ያዋጣሉ።»

«ታዲያ ለምን በፈቃዳችን አይሆንም?»

«በፈቃድ ቢሆን በየትኛው ወር ታዋጪ ነበር? ጥር ሠርግ ነው፣ ሚያዝያ ፋሲካ ነው፣ መስከረም ደብተር ነው። እንደ ዕድር አስቢው። ሰው ሞት ቤቱ ሲገባ ብቻ ቢያዋጣ ድንኳኑ ከየት ይመጣል?»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። 

ለአባዬ የሚያስፈልገው፦ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ፤ ሁለቱንም ስም የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች፤ እና ራሳቸው። ምስክር ማን ይሆናል? የክርስትና አባታቸው ሞተዋል።

ሐሙስ

ፈቃድ ወስጄ አርብ ገበያ ገባሁ። ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ጎማ ቀየረ። ወገቤ!

ያ ጯሂ ጸሐፊ ዛሬ ሽማግሌ ሆነዋል። እመሰክራለሁ አሉ፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። ያስቸገሩኝ የአባዬ የነፍስ አባት ናቸው። «የነፍስ ልጄን ስም ለዳኛ አሳልፌ አልሰጥም» አሉ። «እሱ ራሱ በአንደበቱ ይጥራው። ያን ጊዜ አዎን፣ እሱ ነው እላለሁ።»

አባዬ ደግሞ እምቢ። «እርሻ አለኝ፣ ጉልበት አለኝ፤ ይቅርብኝ።» የትኛው ጉልበት? ከጓሮ ውኃ ይዘው ሲመጡ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። ተቆጣሁ። አባቴን ተቆጣሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

 እማዬ ምስር ትለቅም ነበር። አባዬ እሷን ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ብሞት አበሉ ይቋረጣል?»

«አይቋረጥም። ቀንሶም ቢሆን ለእማዬ ይቀጥላል።»

ተነሥተው ወጡ። በሬዎቹን ሊያዩ ነው አሉ። በሬዎቹ እደጃፋችን ታስረው ነበር።

ዓርብ

የገበያ ቀን ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ባለጉዳዩ ዱላውን እንደያዘ በር ላይ ቆሟል። ዳኛዋ በዕድሜ ከኔ ታንሳለች። «አባቴ፣ ሁለቱንም ስምዎን ይናገሩ» አለቻቸው።

አባዬ የዓለም ስማቸውን ተናገሩ። ከዚያ ዞረው ወደ በሩ አዩ። ጎረቤቶቻችን ቆመዋል፤ በድንበር የተጣሉን ሰውዬም አሉ። ሰዉን ያስወጡልን ልል አፌን ስከፍት አባዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ጠሩት።

ቄሱ «አዎን፣ እሱ ነው» አሉ። ጸሐፊውም።

 ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የአባቴን ስም ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እኩል ሰማሁ። ቀናሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ንፋስ መውጫ ተመልሻለሁ። ማረጋገጫው ወጥቷል፤ ፋይሉ ግን ወደ ደብረ ታቦር መሄድ አለበት። ትናንት ከቢሮው «እንደውላለን» ተብሏል። እነሱ እንደውላለን ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁ፤ ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ዝግ መሆኑን እያወቅኩ።

እማዬ ደውላ ነበር። አባዬ ጠበል ሊጠጡ ሄደዋል አለች፤ ለጥንቃቄ። ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እንኳ በተጋባን በሠላሳ ዓመቴ ገና ትናንት ሰማሁት» አለች።

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው የለም። ቢሆንም ያን ስም እዚህ አልጽፈውም።