እትዬ አትበለኝ ያልሽኝ ቀን

ውድ ዲየም፣

ትናንት የድንበር ኬላው ላይ ካየሁሽ ጀምሮ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ሰው በተሰለፈበት መናገር ያልቻልኩትን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ለትምህርት ቬትናም፣ ሁዌ ከተማ ስመጣ ከላኦስ ይዤው የመጣሁት ቬትናምኛ ሰላምታና ቁጥር ብቻ ነበር። እናንተ ቤት በተከራየሁ በማግስቱ አያትሽን «እማማ» ልበል ብዬ፣ ሁለቱን ቃላት የሚለየውን የድምፅ ዝቅታ ረስቼ «አባባ» አልኳቸው። አያትሽ የሚሸጡትን ኑድል ሊበላ የተቀመጠው ደንበኛ ሁሉ አውካካ። አያትሽ ግን ጭልፋቸውን እንደያዙ፣ «ተዉት! ባሌ ከሞተ ወዲህ ይሄ ቤት አባወራ አጥቶ ነበር፤ ይኸው ሾመኝ» አሉ። አንቺ ሳህን እያጠብሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ሆንሽ።

ቋንቋችሁ «እኔ» እና «አንቺ» ማለት አይወድም፤ ሰው ሁሉ ለሰው አንዳች ዘመድ ነው። በሁለት ዓመት ስለምትበልጪኝ «እትዬ በለኝ» አልሽኝ። የሁዌ ዝናብ አላባራ ሲል በረንዳው ላይ ቅጠል እየቀነጠስን፣ «እትዬ፣ ይሄ ምን ይባላል? እትዬ፣ ያስ?» እያልኩ እውል ነበር። እንደምወድሽ አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሚባል ግን መማሪያ መጽሐፌ ላይ አልነበረም።

ለሥራ ወደ ሳይጎን ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘሁሽ።

«ሲቶን፣ ካሁን በኋላ እትዬ አትበለኝ» አልሽ፣ ጫማሽን እያየሽ።

«ታዲያ ማን ልበልሽ?»

«እሱን እንኳ አንተ ፈልገው። ይሄን ሁሉ አስተምሬህ የለ?»

ደነገጥኩ። ክብር ያጎደልኩብሽ መሰለኝ። ከማውቃቸው ቃላት ከፍ ያለውን መርጬ፣ እጅ ነስቼ፣ «እሺ፣ መምህርት» አልኩሽ።

የአውቶብሱ ረዳት በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ሰውዬ! ልጅቷን አስረጀሃት እኮ!» አንቺም ፈገግ ለማለት ሞከርሽ። «ደህና ሁን፣ ጎበዝ ተማሪ» ብለሽ ተሳፈርሽ።

ወንድ የሚወዳትን ሴት፣ ብትበልጠውም እንኳ፣ «ታናሼ» እንደሚላት የገባኝ በዓመቱ ነው። የክፍል ጓደኛዬ ቱዋን ከፍቅረኛው ጋር በስልክ «ታናሼ» እያለ ሲያወራ ሰማሁትና፣ «ታላቅህ አይደለችም እንዴ?» አልኩት።

«ብትሆንስ! እትዬ ብላትማ ዛሬውኑ ትተወኛለች።»

እየሮጥኩ አያትሽ ዘንድ ሄድኩ። አድራሻሽን ልጠይቃቸው ስል የሰርግሽን ፎቶ አውጥተው አሳዩኝ። «ታምራለች፣ አይደል?» አሉኝ። «ታምራለች» አልኳቸው።

ትናንት እኔ አስተርጓሚ በሆንኩበት ኬላ ከነባለቤትሽ ፊቴ ቆምሽ። ባለቤትሽ አነጋገሬን ሰምቶ፣ «የሁዌ ልጅ ነህ እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ሰው ይመስላል። አንቺ ትንሿን ልጅሽን ወደ ፊት ገፋ አድርገሽ፣ «አጎትን ሰላም በዪ» አልሻት። ቋንቋችሁ ለአጎት ብዙ ቃል አለው፤ ለአባት ወንድም ሌላ፣ እንዲሁ ለሚያውቁት ሰው ሌላ። አንቺ የመረጥሽው ለእናት ወንድም የሚባለውን ነው።

ማንም ሳያስረዳኝ ወዲያው ገባኝ። ምነው ያኔም እንዲህ በገባኝ!

ልጅሽን ሳሚልኝ። ዳግመኛ በዚህ ስታልፉ ሰልፍ አትጠብቁ፤ ስሜን ጠርተሽ አስጠሪኝ።

ወንድምሽ፣
ሲቶን