ፍንዳታውና የልጄ ክፍል ግድግዳ

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ
ልብስ አጠብኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ከማዕድን ጉድጓዱ ፈነዳ... ያሰጣሁት ሁሉ አቧራ ለበሰ። የልጄ ክፍል ግድግዳ ስንጥቁ አሁን ጣቴን ያስገባል። ባለፈው ወር ጥፍሬን ነበር። ልጄ እዚያው ማዕድኑ ፈንጂ ክፍል ሲሠራ ቤቱ እንዲህ አይንቀጠቀጥም ነበር። ከሞተ ስምንት ወሩ። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ቁመቱን በእርሳስ ያሰመርኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከፈረሰ ምን ቀረኝ?

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ
አዲሱ የፍንዳታ መሐንዲስ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ሄልሜቱ ጆሮው ላይ ይወርዳል።
"እማማ፣ ንዝረቱ ከተፈቀደው በታች ነው።"
"ማን ፈቀደው? እኔ አልፈቀድኩም።"
ንዝረት የሚመዘግብ መሣሪያ ጓሮዬ ቀብሮ ሄደ። "እንዳይነካ" አለ። እኔ? ምን በወጣኝ...

ጥቅምት 11፣ እሑድ
አልነካሁትም። ሙቀጫዬን አጠገቡ አድርጌ ጨው ወቀጥኩ። እስከ ምሳ።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ
መሐንዲሱ ወረቀት ይዞ መጣ። ተኮሳትሯል።
"እማማ፣ እሑድ ሥራ የለም። እዚህ ላይ ግን ግማሽ ቀን ሲፈነዳ ውሏል።"
ሙቀጫውን አየ። ጨው የሞላውን ጣሳ አየ።
"ይሄ ሁሉ ጨው ለማን ነው?"
"ለእንግዳ።"
ሳቁ አመለጠው። ያኔ የልጄን ክፍል ከፈትኩለት። ስንጥቁን፣ የእርሳሱን መስመሮች አየና ሳቁን ዋጠ። የልጄን የሥራ ደብተር ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ ጀመረው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጨረሰው።
"እኔ ፈንጂ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አራርቄ፣ ፈንጂ አብዝቼ፣ መደዳውን በአንዴ ነው የማፈነዳው። እሱ ግን አቀራርቦ፣ ፈንጂ አሳንሶ፣ አንዱን ከሌላው ቅጽበት እያዘገየ..."
"ባንዴ ከሚንጫጩ ተራ በተራ ያውሩ ማለቱ ነው?"
"እሱን ነው። ግን ቁፋሮው ይበዛል፤ አለቃዬ ይጮኻል።"
"አንዴ ይጩህ። እናንተ በሳምንት ሦስቴ ትጮኹብኝ የለ?"

ጥቅምት 26፣ ሰኞ
ዛሬ አላፈነዱም እንዴ? ጎረቤቴን ጠየቅኳት። "ቅድም ነው እኮ!" ሽንኩርት ስከትፍ አመለጠኝ። ሮጬ ክፍሉን አየሁ። ስንጥቁ እንደነበረ ነው፤ አልጨመረም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ
መሐንዲሱ መጣ። ድንጋዩ በደንብ ስለሚደቅ አለቃው ጩኸቱን ትቷል፤ ከእንግዲህ በልጄ ንድፍ ነው የሚሠሩት። የተፈረመበትን ቅጽ አሳየኝ። "ነዳፊ" በሚለው ፊት የልጄን ስም ጽፏል። ከሞተ ወዲህ፣ ስሙ ያለበት ወረቀት ሁሉ "ሟች" የሚል ቃል አስቀድሞ ነበር የሚመጣው... ዛሬ የለም። ደግሜ አነበብኩት። የለም።
"ምነው እማማ?"
"ተሳስተሃል። በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው።"
"አለቃዬ ፈርሞበታል እኮ!"
"ሌላ ይፈርማ።"
እያጉረመረመ ሄዶ አስተካክሎ መጣ። የመጀመሪያውን ሊቀድ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት።
ልጄ ራሱ አንዴ በእሳቱ ሰ፣ አንዴ በንጉሡ ሠ ነበር የሚጽፈው። አንዱ ቅጽ ለኔ እንዲቀር ብዬ ነው።