ክፉ ክፉዎቹን ቃላት ለወሰደው አባቴ

አባዬ፣

ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ሦስት ረመዳን ጾመናል፤ አራተኛው ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ባዶ እጄን አልምጣ፣ የምሥራች ልያዝ ብዬ ነው። አሁን ይዣለሁ። ግን አንተ ሳትለካ እንደማትቆርጠው ሁሉ፣ እኔም ከቤት ልጀምርና ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

እማ ደህና ናት። ክረምት ሲመጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ድምጿ እንዳለ ነው፤ ከጓሮ ስትጣራ ከመንገድ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ አቤት ይላል። ጣራውን አስቀይረናል። ያ ስንት ክረምት ባልዲ ስንደቅንበት የኖርነው ጥግ ደርቋል፤ እማ ግን ዝናቡ ሲጀምር ባልዲውን ይዛ መነሳቷን አልተወችም። ከገበያው ወደ እኛ የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎለታል። ውሃው እንደምታውቀው በፈረቃ ነው፣ እሱ አልተለወጠም። የስፌት መኪናህን ከሱቁ በረንዳ አምጥተን መስኮቱ ሥር አስቀምጠነዋል። እማ የትራስ ልብስ ትሰፋበታለች። ስፌቷ ይጣመማል፤ ብታየው ቁጭ ብለህ ትፈታው ነበር።

ታስታውስ እንደሆነ፣ የመጀመሪያውን ፈተና የወደቅሁ ዕለት በረንዳህ ላይ መጥቼ ተቀመጥኩ። ፊቴን አየህና አንድ ቁራጭ ጨርቅ አቀበልከኝ፣ እንባዬን ጠረግሁበት፤ በኋላ የሰው ሱሪ ኪስ መሆኑ ታወቀ። የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተናው ግማሹ የእንግሊዝኛ ቃላት ነበር፤ ያውም እኔ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የማስተምረው ዐይነት ሳይሆን፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ሲጽፉ እንጂ ሲያወሩ የማይጠሩት። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ለአንድ መምህር የመፈተኛ ፈቃድ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን አቃጥያለሁ፣ የቀረኝ አንድ ነበር።

ሮማናት አደባባይ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ያስደረግሁትን ያን ወፍራም የቃላት መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደገለበጥኩት አንተ ታውቃለህ። ጠዋት የያዝኩት ማታ የለም። አንተ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው ኦኬን ብቻ ነበር፣ እሱንም ደንበኛ ሲያሰለችህ ነው የምትለው። እንዲያም ሆኖ መድኃኒቱን ያገኘኸው አንተ ነህ። ቃል እንደ ልብስ ነው፣ ሰው ካልለበሰው መስቀያ ላይ ይረሳል አልከኝ። አንቺ ትርጉሙን ንገሪኝ፣ ልኩ የሚሆነውን ሰው እኔ አላጣም አልክ። እውነትም አታጣም። ከወሎ መጥተህ ሃያ ምናምን ዓመት የቀዳማይ ወያነ ገበያን ሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ የኖርክ ሰው ነህ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ወደ መኪናህ ነበር። በቀን ዐሥር ቃል። ሜቲኩለስ፣ ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ የሚጠነቀቅ ስልህ፣ ሰዓት ሠሪው ገብረመድኅን አልክ፤ ሱሪውን ሲረከብ የቁልፉን ቀዳዳ ቆጥሮ ነው የሚሄደው። ኢምፐርተርበብል፣ ምንም ቢመጣ የማይደናገጥ ስልህ፣ ሮማናት ላይ ባጃጅ ከግራ ከቀኝ እየጮኸበት ጥርሱን የሚፍቀውን ትራፊክ ፖሊስ ሰጠኸኝ። ቤኔቮለንት፣ በጎ አድራጊ ስልህማ መርፌውን እንኳን አላቆምክም። ጎረቤታችን ኣደይ ለተብርሃን አልክ፤ ክርስቲያን ሆና በእኛ ጾም የማፍጠሪያው መግሪብ ሳይደርስ ሾርባ ይዛ የምትመጣዋ። ዘዴህ ይኼ ነበር፦ ሰውየውን ከነልብሱ እይው፣ ቃሉን ኪሱ ውስጥ ክተችው፣ ሲያስፈልግሽ ከኪሱ ታወጪዋለሽ።

ማታ ማታ አብረን በእግር ወደ ቤት ስንሄድ አንተ በየደጁ ሰላምታ ስትሰጥ እኔ በሆዴ ኪስ እፈትሽ ነበር። አንድ ቀን ሰዓት ሠሪውን ከመይ ኣምሲኹም፣ እንዴት አመሹ ልለው ሜቲኩለስ ብዬው ቁጭ። እሱም የእንግሊዝ ሰላምታ መስሎት ባርኔጣውን አነሳ። አንተ ሳቅህን እስከ ቤት ድረስ አፍነህ ሄድክ።

ችግሩ የመጣው ክፉ ክፉዎቹ ላይ ስንደርስ ነው። ለመጥፎ ጠባይ እንግሊዞች ያላቸው የቃል ብዛት የጉድ ነው። ፓርሲሞኒየስ ማለት ንፉግ ነው አልኩህና፣ አንተን ሳልጠብቅ እኔው ራሴ የሻይ ቤቷን ሴትዮ ጠራሁ፤ ስኳር ስትጨምር እጇ የሚንቀጠቀጠውን። እግርህን ከመርገጫው አነሳህ፣ መኪናው ቆመ። ይሄ ሐሜት ነው አልከኝ። ለፈተና ቢሆንም ሐሜት ሐሜት ነው፤ ሴትዮዋ በሌለችበት የሰውን ነውር ኪሷ ውስጥ አንከትም አልክ። እኔ ደግሞ ታዲያ ቃሉን ምን ላድርገው ብዬ አኮረፍኩ። አንተም፣ እኔ ላይ አድርጊው፣ የፈቀደ ሰው አይታማም ብለህ ስፌትህን ቀጠልክ።

በዚያው ቀረ። ክፉ ቃል የተባለ ሁሉ አንተ ላይ ተሰፋ። ፓርሲሞኒየስን ለማስታወስ ከወለል የአንድ ስንዝር ክር አንስተህ መልሰህ ስትጠቀልል አይሃለሁ። ፑሲላኒመስ፣ ማለትም ፈሪ ሲመጣ፣ የወፍጮ ቤቱን ውሻ ሽሽት ወደ መስጊድ ሁለት ሰፈር ዞረህ ስትሄድ አይሃለሁ። ኢንዶለንት፣ ሰነፍ፣ ከጁምዓ መልስ የምታርፋት ያቺ የአፍታ እንቅልፍ ናት። ጋሩለስ፣ ለፍላፊው ግን አልገጠመህም ነበር፤ እንኳን ልትለፈልፍ ሰላምታህም አጭር ነው። ለሌላ ሰው ከሚሰጥ ብለህ ወሰድከው። እሱ እንዳይጠፋኝ በሐሳቤ ሬዲዮ ውስጥ ከተትኩህ። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ንፉግ፣ ፈሪ፣ ሰነፍ፣ ግትር፣ ለፍላፊና አስመሳይ ሆነህ አረፍከው። ከሩቅ ስታየኝ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታደርጊኝ መጣሽ ትለኝ ነበር።

ሕመምህ አልረዘመም። ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው ሄድክ።

አሁን እስከ ዛሬ የደበቅሁህን ልንገርህ። ለቅሶ ደራሹ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ አንድ ጠዋት መጽሐፉን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። እንደ ልማዴ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ፦ ፓርሲሞኒየስ፣ ንፉግ፣ አባቴ። ፑሲላኒመስ፣ ፈሪ፣ አባቴ። ኢንዶለንት፣ ሰነፍ፣ አባቴ። ዞር ስል እማ ለሰላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃዋን እንደያዘች ቆማለች። ከአጥሩ ማዶ ኣደይ ለተብርሃን አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ እንታይ እያ ትብል ዘላ እዛ ጓል፣ ምን እያለች ነው ይቺ ልጅ ትላለች። እማ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አፈሩ እንኳን ሳይደርቅ። ይህን ብላ ገባች።

ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። ሄጄ ላስረዳት ስችል አላስረዳኋትም፣ ምክንያቱም እኔም ራሴን ጠርጥሬያለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያለ ያደገ ሰው፣ አባቱን ንፉግ ፈሪ ሲል ምን ይባላል? በሕይወት ሳለህ ፈቅደህልኛል፤ ከሞትክ በኋላ ግን ማንን ላስፈቅድ? ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ። ዐይኔን ጨፍኜ ፊትህን ላስታውስ ስል ከፊትህ ቀድመው ቃላቱ ይመጡብኝ ጀመር። አባቴን ሳስብ የስድብ ዝርዝር የሚመጣብኝ ከሆነ ምን ቀረኝ ብዬ ፈራሁ። መጽሐፉን ቁም ሣጥን ላይ ወረወርኩት። ዲግሪውም ይቅር፣ ያቺ የቀረችኝ ፈቃድም ትቃጠል አልኩ።

በአራተኛው ቀን ግን ዝምታውን አልቻልኩትም። እማ መኪናህ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሻይ ቤቷን ሴትዮ፣ የመርገጫውን መቆም፣ የፈቀደ ሰው አይታማም ያልከውን። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መስሎኝ ልይዛት ስል ለካ እየሳቀች ነው። ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቀችው። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ በይ ወደ እኔ አዙሪያቸው፣ እኔ በሕይወት አለሁ፣ ከከፋኝ መልስ እሰጥሻለሁ አለች።

አባዬ፣ ያን ቀን ብታያት። ቃላቱን ገበያ እንደወጣ ሰው አንድ በአንድ አገላብጣ መረጠች። ሰነፍን ለጉልበቷ ስትል ተቀበለች። ፈሪን፣ ውሻ አልፈራም፣ አይጥ ከሆነ ግን እሺ አለች። ለፍላፊን በጭራሽ አልወስድም አለችና፣ ለምን እንደማትወስድ ስታስረዳኝ ወጡ አረረ። ንፉግ ላይ ስንደርስ መኪናህን አየችው። ይሄ የራሱ ነው፣ የሰው ሐቅ አልወስድም አለች። ኀጢአት አይሆንም ወይ ብላት፣ የሰጠሽን ሰጥቶሻል፣ ሰው ሞተ ተብሎ ስጦታው አይመለስም አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ለኣደይ ለተብርሃንም በአጥሩ ላይ ሙሉውን ስትነግራት ሰማሁ፤ ሁለቱም ሳቁብኝ።

ወደ ፈተናው ልምጣ። እማ ላይ ያዛወርኳቸውን ቃላት ሁለት ወር ሙሉ አጥንቼ ነው የገባሁት። ወረቀቱ ተገለበጠ፤ የመጀመሪያው ክፉ ቃል መጣ። እማን ጠበቅኋት፣ አልመጣችም። አንተ መጣህ፤ ሜትርህን አንገትህ ላይ ጥለህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታደርጊኝ ነው በሚለው ፊትህ። ከዚያ ያሉትንም ሁሉ ይዘህልኝ የመጣኸው አንተ ነህ። ሌሎቹ መልስ እያሰቡ ፊታቸው ተጨማድዷል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። ፈታኙ ጠርጥሮ ሁለት ጊዜ መጥቶ ከወረቀቴ ሥር አየ። ምንም አላገኘም።

አልፌያለሁ፣ አባዬ። ትምህርት ቤቱም የትምህርት ፈቃድ ሰጠኝ፤ ሁለቱን ዓመት ተምሬ ባለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፌን አስገባሁ። የምሥራቹ ይኼ ነው።

ጽሑፌን ያማከረኝ ህንዳዊ መምህር ነው፤ ቁጡ ግን ቅን ሰው። ከሦስት ምዕራፍ በላይ እርማት ሰጥቶኝ አንዱን እርማት አልቀበልም ስላልኩት፣ የመጨረሻው ረቂቅ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኦብስቲኔት ብሎ ጻፈብኝ። ግትር ነሽ ማለቱ ነው። ቢሮው ውስጥ ፊቱ ቆሜ አነበብኩት። እናደዳለሁ ወይም እደነግጣለሁ ብሎ ነው የጠበቀኝ። እኔ ግን አንዲት ሙሽራ እጅጌዬን አሳጥርልኝ ስትልህ፣ ክንድሽ አልበቃም እንጂ እጅጌው አልረዘመም ብለህ መቀሱን የደበቅህባትን ቀን አየሁ። ሳላስበው አመሰግናለሁ አልኩት። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሻይ አዘዘልኝ።

ቃላቱ ፊትህን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ንፉግ የሚል ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ፈሪ ሲሉ እናፍቅሃለሁ። ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ሲሰዳደቡ ሰምቼ መቆጣት ሲገባኝ ፊቴ ይፈታብኛል። ሰው አባቱን በመልካም ቃል ያስታውሳል፤ መልካሙን ቃል ግን አንተ ለጎረቤት አድለህ ጨርሰሃል። እኔ ቃል ገብቼልሃለሁ፤ አዲስ ክፉ ቃል ባገኘሁ ቁጥር ላንተ አመጣዋለሁ፣ እስክሞት። እንግሊዝኛ ደግሞ ክፉ ቃል አያልቅበትም።

ልጅህ ዘሃራ